ትራሱ ላይ የተኛው ማን ነው? የማዕበሉን ታሪክ አንብቦ ጌታን ማመን

ሰው ሲጨንቀው «ዝም ብለህ እመን» ይሉታል። ምክሩ ክፋት የለውም። ችግሩ እንዴት እንደሚታመን የሚነግረው አለመኖሩ ነው። እኔም ለዓመታት ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ «አምናለሁ፣ አምናለሁ» እያልኩ ታግያለሁ። ጠዋት ስነሣ ጭንቀቱ እዚያው ነው፤ ጭራሽ ከእኔ ቀድሞ ነቅቶ ይጠብቀኛል። በላዩ ላይ ደግሞ «እምነቴ ትንሽ ስለሆነ ነው» የሚል ሌላ ጭንቀት ይጨመርልኛል።

ነገሩ ቀለል ያለኝ እምነቴን መለካት ትቼ የማምነውን ማየት ስጀምር ነው። ለዚህ የረዳኝ ሰባት ቁጥር ብቻ ያለው ታሪክ ነው፤ ማርቆስ ምዕራፍ 4፣ ከቁጥር 35 እስከ 41። ጌታ ማዕበሉን ጸጥ ያሰኘበት። ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ችግሩም እሱ ነው፤ ስለምናውቀው አናነበውም። እስቲ እኔ እንዴት እንደማነበው ላሳያችሁ። አንድ ምሽት ይበቃል፤ ባይበቃም ነገ ሌላ ምሽት አለ።

መጀመሪያ ውኃው ውኃ ይሁን

ሰባቱን ቁጥር ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ሁለት ጊዜ። ስልክ ላይ ማንበብ ይቻላል፣ ግን ዳታውን አጥፉት፤ እነ ጴጥሮስ እየሰመጡ ሳለ ቴሌግራም ከጮኸ አለቀ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ገና ወደ ራሳችሁ ማዕበል አትሩጡ። ስብከት ላይ ብዙ ጊዜ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ነፋሱ ሳይነሣ ማዕበሉ የቤት ኪራይ ይሆናል፣ ታንኳው ትዳር ይሆናል፣ ማዶው ደግሞ ካናዳ። ኪራዩም ቪዛውም ተራው ይደርሳል። ለአሁኑ ውኃው የሚያረጥብ ውኃ ይሁን፤ ሰዎቹም በእውነት ሊሞቱ የደረሱ ሰዎች።

«ታንኳ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስተናል። እኛ ታንኳ ሲባል ጣና ላይ ያለችው፣ ከደንገል የምትሠራው ናት ትዝ የምትለን። የእነሱ ከሳንቃ የተሠራ የዓሣ ጀልባ ነበር። በ1986 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በድርቅ ምክንያት የገሊላ ባሕር ውኃ ሲሸሽ፣ ዓሣ አጥማጅ የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች ጭቃ ውስጥ የተቀበረ የጥንት ጀልባ አገኙ። ዕድሜው በግምት የኢየሱስ ዘመን ነው። የማን እንደነበረ ማንም ሊል አይችልም፤ ዛሬ ግን እስራኤል ውስጥ ባሕሩ ዳር ባለ ሙዚየም ቆሞ ይታያል። ርዝመቱ 8.2 ሜትር፣ ወርዱ 2.3 ሜትር ነው። ከሚኒባስ ታክሲ ረዘም፣ ትንሽም ሰፋ ይላል ማለት ነው። ያንን የሚያህል እንጨት ላይ ሰዎች ተጭነው፣ ሲመሽ፣ ወደ ማዶ ጉዞ።

ባሕር ይባላል እንጂ ገሊላ ጨው የሌለው ሐይቅ ነው። ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 13 ኪሎ ሜትር ያህል። ጣና ከአሥር እጥፍ በላይ ይሰፋዋል። ገሊላን የሚያስፈራው መጠኑ አይደለም፣ ያለበት ቦታ ነው። ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር ያህል ጎድጉዶ፣ ዙሪያውን በኮረብታ ታጥሮ የተቀመጠ ነው። ከላይ ከተራራው ቀዝቃዛ ነፋስ ተንደርድሮ ወደዚያ ጉድጓድ ሲወርድ ውኃው ባንዴ ይገለበጣል። ከደቀ መዛሙርቱ ጴጥሮስ፣ እንድርያስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ እዚያው ያደጉ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ነፋሱን ያውቁታል። እንግዲህ እነሱ «ጠፋን» ካሉ በእውነት ጠፍተዋል።

ሌላም ልብ በሉ። «ወደ ማዶ እንሻገር» ያለው ጌታ ራሱ ነው። እነሱ አልቀበጡም፣ ትእዛዝ አልጣሱም። ተናገረ፣ ታዘዙ፣ ማዕበሉ መጣ። «ችግር የመጣብኝ የሆነ ቦታ ስላጠፋሁ ነው» ብላችሁ ሌሊቱን ኃጢአት ስትቆጥሩ የምታድሩ ካላችሁ፣ ቁጥር 35ን ደግማችሁ አንብቡት።

ትራሱ ላይ ቆዩ

እርሱ የታለ? «በስተኋላዋ ትራስ ተንተርሶ ተኝቶ ነበር።»

ማዕበሉን ማቴዎስም ሉቃስም ጽፈውታል። ትራሱን የጻፈው ግን ማርቆስ ብቻ ነው። ማርቆስ ከጴጥሮስ አፍ የሰማውን እንደጻፈ የቆየ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት አለ። እኔ ይህን ሳነብ ጴጥሮስ ይታየኛል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሸምግሎ፣ «እኛ እንደዚያ ስንሆን እሱኮ ትራስ ላይ ነበር!» እያለ ሲያወራ። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር የሚቀረው ያየ ሰው አእምሮ ላይ ነው።

ለምን ተኛ? አንደኛ፣ ደክሞታል። ቀኑን ሙሉ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ሕዝቡን ሲያስተምር ነው የዋለው። «እንዲያው ወሰዱት» ይላል፤ ልብስ ሳይቀይር፣ አረፍ ሳይል። የሚደክመው ሰው ነው። ይህን አትዝለሉት። እናንተ ከሥራ ስትመለሱ ታክሲ መስኮት ላይ ራሳችሁን አስደግፋችሁ እንደምትተኙት ተኝቷል።

ሁለተኛውን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው። ገጹን ወደ ላይ ከፍ አድርጉትና ቁጥር 26 እና 27ን እዩ። ዘር ስለዘራ ገበሬ የተናገረው ምሳሌ ነው። ገበሬው ይዘራል፣ ከዚያ «ሌሊትና ቀን ይተኛልም ይነሣልም»፤ እንዴት እንደሆነ ሳያውቅ ዘሩ ይበቅላል። በማርቆስ አጻጻፍ ያ ትምህርትና ይህ ማዕበል የአንድ ቀን ናቸው። አባቱ የያዘውን ነገር እሱ ነቅቶ መጠበቅ የለበትም። ስለሚተኛው ገበሬ ባስተማረበት ቀን፣ ማታ ራሱ ተኛ።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚከነክን ነገር አለ። በመዝሙር 120 (ቁጥሩ በሌላ መጽሐፍ ቅዱስ 121 ነው) «እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋም» ተብሏል። ይሄ ተኝቷል። ጥያቄውን አትፍቱት፣ ያዙት ብቻ።

«አይገድህምን?» ማለት ትችላላችሁ

የቀሰቀሱት በጸሎት መጽሐፍ ቋንቋ አይደለም። ማቴዎስ ላይ «ጌታ ሆይ፥ አድነን፥ ጠፋን» ይላሉ፣ ትሕትና አለው። ማርቆስ ግን የተባለውን ሳያለዝብ አስቀምጦታል፦ «መምህር ሆይ፥ ስንጠፋ አይገድህምን?»

አይገድህምን! ይሄ ጸሎት አይመስልም፣ ስሞታ ነው። እኛ ቤት ልጅ አባቱን እንዲህ ቢል ጥፊ አይቀርለትም።

እናቴ ቀዶ ጥገና ክፍል የገባች ሌሊት እኔ ኮሪደር ላይ ነበርኩ። እጄ ላይ ጫማዋና ነጠላዋ ያለበት ፌስታል። አንድ ሰዓት ነው ያሉት አራት ሰዓት ፈጀ። በየመሀሉ በሩ ይከፈታል፣ ሁላችንም እንነሣለን፣ የሌላ ሰው ስም ይጠራል፣ እንቀመጣለን። መጀመሪያ ላይ ሥርዓት ያለው ጸሎት ጸለይኩ። ሦስተኛው ሰዓት ላይ ፌስታሉን ጨምድጄ «አንተ ግን ምንም አይመስልህም?» ነው ያልኩት። ከዚያ ደነገጥኩ። ተሳደብኩ መሰለኝ። ቤት ገብቼ ይህን ታሪክ ሳነብ ነው ቃሉ ከእኔ በፊት እንደተባለ ያየሁት፣ ያውም በሐዋርያት።

ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ማርቆስ ላይ ጌታ መጀመሪያ የገሠጸው ነፋሱን ነው። እነሱን የተናገራቸው ከዚያ በኋላ፣ ውኃው ከረጋ በኋላ። ማቴዎስ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ያስቀምጠዋል፤ ሁለቱንም አንብቧቸው። በየትኛውም ግን «እንዲህ ብላችሁ ስለቀሰቀሳችሁኝ አላድናችሁም» አላለም።

ይችን ቃል ተከትላችሁ ሂዱ፣ ደስ የሚል መንገድ ታገኛላችሁ። ማርታ ወጥ ቤት ብቻዋን ስትለፋ ያለችው ይህንኑ ነው፤ ሉቃስ 10፣ 40 ላይ «አይገድህምን?» ትላለች። ከዚያ ደግሞ 1ኛ ጴጥሮስ 5፣ 7ን ግለጡ፦ «እርሱ ስለ እናንተ ያስባልና የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉት።» በአማርኛው አይታወቅም እንጂ በግሪኩ «ያስባል» የተባለው ያው ግስ ነው፣ «ይገደዋል» እንደማለት። የጻፈው ማን ነው? ጀልባው ውስጥ የነበረው ሰውዬ። ያን ማታ «አይገድህም ወይ» ብለው ሲጮኹ አብሮ የነበረው ጴጥሮስ፣ በእርጅናው ለሌሎች «ይገደዋል» ብሎ ጻፈላቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባራዊ ምክሬ ይሄ ነው። ስሞታችሁን ሳታሳምሩ ተናገሩ። እምነት የጨዋ ፊት ማሳየት አይደለም። እነሱ ፈርተዋል፣ ተማረዋል፣ ግን የሮጡት ወደ እሱ ነው።

እንዴት እንደተናገረ ስሙ

«ዝም በል፥ ጸጥ በል።»

ሁለተኛው ቃል በግሪኩ አፍን ማሰር ነው። ኦሪት ዘዳግም 25 ላይ የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰር ታዟል፤ በግሪኩ ትርጉም እዚያም የገባው ያው ቃል ነው። አውድማ ያየ ሰው ይገባዋል። ነዶው እንዳይበላ የበሬ አፍ ሲለጎም ማለት ነው። ጌታ ገሊላን ያናገረው እንደዚያ ነው፤ አፉን እንደከፈተ በሬ። ማርቆስ 1፣ 25 ላይ ርኩሱን መንፈስ ያዘዘውም በዚሁ ቃል ነው።

አሁን ከዚህ በፊት ባሕርና ዝናብ የታዘዘላቸውን ሰዎች አስቡ። ሙሴ በትሩን አንሥቶ እጁን ዘረጋ፣ ባሕሩን የከፈለው ግን እግዚአብሔር ነው። ኤልያስ ዝናብ የመጣለት ጸልዮ ነው። ዮናስም ጀልባ ውስጥ ተኝቶ ነበር፣ እሱንም በማዕበል መሀል ቀስቅሰውታል፤ አለቃው «ተነሥተህ አምላክህን ጥራ» አለው። የዮናስ ማዕበል ጸጥ ያለው ዮናስ ተወርውሮ ነው።

ይሄኛው ሲቀሰቀስ አምላክን አልጠራም። አልጸለየም፣ በትር አልዘረጋም፣ «በእግዚአብሔር ስም» አላለም። በራሱ አፍ ዝም አሰኘው።

ዳዊት የምትደግሙ ሰዎች እዚህ ላይ ሐሙስን አስታውሱ። በሐሙሱ ንባብ መዝሙር 106 አለ፣ በሌላው ቁጥር 107። በመርከብ ወደ ባሕር ስለሚወርዱ ሰዎች ነው። ማዕበሉ ወደ ሰማይ ያወጣቸዋል፣ ወደ ጥልቅ ያወርዳቸዋል፣ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳሉ፣ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻሉ፤ እሱም ዐውሎውን ጸጥ ያደርገዋል፣ ሞገዱም ዝም ይላል። በዚያው ሐሙስ መዝሙር 88 (89) ላይ የባሕርን ኃይል የሚገዛና የሞገዱን መናወጥ ዝም የሚያሰኘው «አንተ ነህ» ይላል፤ ለእግዚአብሔር። ኢዮብ 38 ላይም ባሕርን በበር የዘጋው እግዚአብሔር ብቻ ነው። ጀልባው ውስጥ ያሉት አይሁድ ናቸው፣ መዝሙሩን ከልጅነታቸው ያውቁታል። ባሕርን ዝም የሚያሰኝ ማን እንደሆነ መልሱን ያውቃሉ። እሱ ደግሞ ፊታቸው ቆሟል፣ ትራሱ ገና ሙቀቱ አልጠፋም፣ ልብሱ ረጥቧል።

ያን ያልፈታነውን ጥያቄ አሁን አምጡት። አይተኛም የተባለለትና ትራስ ላይ የተኛው። ማርቆስ ሐተታ አይጽፍላችሁም፣ ያሳያችኋል። ተኝቶ የነበረውና ባሕሩን የገሠጸው ሁለት አይደሉም። አንዱ እሱ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ከጥቂት ዓመት በፊት ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ ተሳፍረን ነበር። ጀልባ ነጂው «ጠዋት ይሻላል፣ ከሰዓት ነፋስ አለ» ብሎን ነበር፤ እኛ ቁርስ ላይ ተጎልተን ከሰዓት አደረግነው። መሀል ላይ ነፋሱ ተነሣ። ውኃው ፊታችን ላይ ይረጫል፣ አንዷ ጓደኛችን ላይፍ ጃኬቷን ይዛ ማርያም ማርያም ትላለች። ያኔ ምን ሳይ እንደነበር ታውቃላችሁ? ማዕበሉን አይደለም፣ የነጂውን ፊት። እሱ ካልፈራ እኔም አልፈራም ብዬ። ሰውየው ሱፍ እየፈለፈለ ነበር። ዳር ስንቃረብ ነፋሱ ቆመ፣ ውኃው ግን አልቆመም። ነፋሱ ካለፈ በኋላም ጀልባዋ ብዙ ደቂቃ ስትናጥ ቆየች። ውኃ እንደዚያ ነው፣ ነፋስ ስለቆመ ወዲያው አይረጋም። ማርቆስ ግን ነፋሱም ተወ፣ ታላቅ ጸጥታም ሆነ ይላል። ሁለቱም፣ አንድ ላይ። «ነፋሱ በአጋጣሚ ቆሞ ይሆናል» የሚል ሰው ያንን ውኃ ያስረዳኝ።

ከጸጥታው በኋላ የመጣው ፍርሃት

አሁን ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። ማቀፍ፣ ማልቀስ፣ እልልታ። ማርቆስ የጻፈው ሌላ ነው፦ «እጅግም ፈሩ።»

በግሪኩ አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ታላቅ ዐውሎ፣ ታላቅ ጸጥታ፣ ታላቅ ፍርሃት። የፍርሃቱ ታላቅነት ማዕበሉ ሳለ አይደለም፣ ከቆመ በኋላ ነው። ማዕበል ያውቁታል፤ እንዲህ ያለ ሰው ግን አያውቁም። «እንግዲህ ነፋስም ባሕርም የሚታዘዙለት ይህ ማን ነው?» ተባባሉ።

ታሪኩ እዚያ ላይ ያልቃል። መልስ የለም! ማርቆስ ጥያቄውን አንባቢው እጅ ላይ ጥሎ ምዕራፉን ዘጋው። መልሱ የሚመጣው ማዶ ሲደርሱ ነው፣ ያውም ማንም ከማይጠብቀው ሰው። መቃብር ውስጥ የሚኖረው፣ አጋንንት ያደሩበት ሰው ሮጦ መጥቶ «የልዑል እግዚአብሔር ልጅ ኢየሱስ ሆይ» ይላል፤ 5፣ 7። አጋንንቱ ያወቁትን ደቀ መዛሙርቱ ገና አላወቁም።

እናንተም አንብባችሁ ወዲያው ካልበራላችሁ አትጨነቁ። ያዩት ሰዎች ራሳቸው ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። ምዕራፍ 8 ላይ ገና «አታስተውሉምን?» እየተባሉ ነው። ወዲያው ቀጥሎ በቤተ ሳይዳ አንድ ዕውር ተፈወሰ፣ ግን በሁለት ጊዜ። መጀመሪያ ሲዳስሰው ሰዎቹን እንደ ዛፍ ሆነው ሲመላለሱ አየ። እንደገና ሲዳስሰው አጥርቶ አየ። ከዚህ በኋላ ነው ጴጥሮስ በፊልጶስ ቂሣርያ መንገድ ላይ «አንተ ክርስቶስ ነህ» ያለው። እሱም ቢሆን ገና ሰዎችን እንደ ዛፍ ነበር የሚያየው፤ ወዲያው ስለ መስቀሉ ሲሰማ ጌታን ሊገሥጽ ተነሣ። ከሰው ወገን «ይህ ሰው በእውነት የእግዚአብሔር ልጅ ነበረ» የሚለው በማርቆስ መጨረሻ አካባቢ፣ መስቀሉ ሥር የቆመው የመቶ አለቃ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ማዕበል

ኪራዩን አምጡት። ቪዛውን፣ የላቦራቶሪ ውጤቱን፣ ከሦስት ወር ጀምሮ ስልክ የማያነሳውን ልጅ።

እኔ የማደርገው ይሄ ነው። ወረቀት እወስዳለሁ። በአንድ በኩል ማዕበሉን በስሙ እጽፈዋለሁ፤ «ችግር» ብዬ አይደለም፣ «በ30 የሚከፈል ብር የለኝም» ብዬ። ሥሩ የኔን «አይገድህምን» እንደመጣልኝ እጽፋለሁ። ከዚያ ወረቀቱን እገለብጥና «ይህ ማን ነው?» ብዬ ርእስ አደርጋለሁ። ሥሩ ከታሪኩ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። ደክሞት የሚተኛ ነው። በቁጣ ቢቀሰቅሱት የማይገፋ ነው። ባሕር ቃሉን ይሰማል። እንሻገር ካለ ይሻገራል፤ 5፣ 1 «ወደ ባሕር ማዶ መጡ» ይላልና። «ብሩ ይመጣል» ብዬ አልጽፍም። ታሪኩ ይህን አልነገረኝም። ቀጥሎ፣ በወረቀቱ ጀርባ የጻፍኩለትን ጌታ ስሙን ጠርቼ አናግረዋለሁ። አንዳንዴ ሁለት ደቂቃ ነው፣ አንዳንዴ ሌሊቱ ይነጋል።

መቅዘፍ አታቁሙ ደግሞ። ማመን ማለት መድኃኒት ማቋረጥ አይደለም፣ የሐኪም ቀጠሮ መዝለል አይደለም፣ አከራይን አለማናገር አይደለም። ጌታን ጀልባው ውስጥ ይዞ የገባውን ውኃ እየቀዱ ማፍሰስ ያስቀጣል የሚል ቁጥር የትም አላገኘሁም። ጸበሉንም ጠጡ፣ ኪኒናውንም ዋጡ።

ብቻችሁንም አታንብቡት። «ተባባሉ» ነው የሚለው፤ እርስ በርስ ነው የተጠያየቁት። ሁለት ሦስት ሰው ይበቃል፤ ማኅበር ላይ፣ የቤት ለቤት ጸሎት ላይ፣ ወይ በስልክ። ቤይሩት ወይ ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ እኅት ያለቻችሁ፣ ሥራዋን ስትጨርስ ሰባቱን ቁጥር በድምፅ ቀድታችሁ ላኩላት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «አንቺስ ማን ነው ብለሽ ታስቢያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ መልሷን ስሙ። ስብከት አታስከትሉ።

ጸጥ ባይልስ?

እናቴ ያን ሌሊት ዳነች። ከሁለት ዓመት በኋላ አባቴ ታሞ በዚያው ዓይነት ኮሪደር ላይ ያው ፌስታል የመሰለ ፌስታል ይዤ ተቀመጥኩ። አባቴ አልዳነም። የተጸለየው ጸሎት ከእናቴ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ስለዚህ «ካመናችሁ ማዕበላችሁ ይቆማል» የሚል መመሪያ ከእኔ አትጠብቁ።

ጀልባው ውስጥ ያዕቆብም ጴጥሮስም ነበሩ። ሁለቱም ያን ማታ ዳኑ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12ን ግለጡ። ሄሮድስ ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው። አሟሟቱ የተጻፈው በአንድ ቁጥር ብቻ ነው። ጸሎት አልተጸለየለትም ማለት ይከብደኛል። ጌታ ያኔም ያው ጌታ ነበር፤ ነፋሱን ያዘዘው፣ ራሱ ደግሞ በጌቴሴማኒ ሲጨነቅ ሦስቱ ወዳጆቹ የተኙበት። ያዕቆብ አንዱ ነበር፤ በጀልባው የተኛው ጌታ ያኔ ነቅቶ ነበር፣ የጮኹት እነሱ ተኝተው። «ስምዖን ሆይ፥ ተኝተሃልን?» አለው ጴጥሮስን። የጌታ የራሱ ማዕበል ጸጥ አልተባለለትም፣ ጽዋው አላለፈለትም። ከአባቴ ቀብር በኋላ እንድቀርበው ያደረገኝ ይሄኛው ገጽ ነው፤ የባሕሩ ታምር ብቻውን ቢሆን ኖሮ ተቀይሜው እቀር ነበር።

ያዕቆብ ከተገደለ በኋላ ጴጥሮስ ታሰረ። ሊወጣና ሊገደል አንድ ሌሊት ቀርቶታል። ጓደኛው ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ነገ ተራው እንደሆነም ያውቃል። ሉቃስ እንዴት እንዳደረ ጽፎልናል፤ በሁለት ሰንሰለት ታስሮ፣ በሁለት ወታደሮች መካከል፣ ተኝቶ ነበር። መልአኩ ሲመጣ ቤቱ በብርሃን ተሞላ፤ ጴጥሮስ ግን አልነቃም። ጎኑን መትቶ መቀስቀስ ነበረበት።